ያ አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር

ውድ ልጄ ሰዓደት፣

ይህን ማን ጻፈልህ ብለሽ እንዳትጠይቂ። ራሴ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ ከክፍሉም አንደኛ ወጥቻለሁ። ክፍሉ ስድስት ሰው መሆኑን፣ ሁለቱም ከክረምት ወዲህ ብቅ ብለው እንደማያውቁ እናትሽ ነግራሽ ይሆናል፤ እሷን አትስሚያት። አስተማሪያችን ጣይባ እኩያሽ ናት። «ጋሼ ኸሚስ፣ ሲጽፉም እንደሚያወሩት ነው» ትለኛለች። ሙገሳ ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም ትይ ይሆናል። በስልክ እቀልዳለኋ! በየጁምዓው ከሐዋሳ ትደውያለሽ፣ «ደህና ነኝ አባዬ» ትያለሽ፣ እኔ አንድ ሁለት ቀልድ እጥላለሁ፣ አንቺ «በቃ ፈረቃ ልገባ ነው» ብለሽ ትዘጊያለሽ። ሦስት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ወረቀት ላይ ግን ቀልዱን ጽፌ ሳልጨርስ እጄ ይዝላል፤ እውነቱ ይቀድመኛል።

ስለዚያ ቅዳሜ ነው የምጽፍልሽ። እዚሁ አቃቂ፣ ከበሰቃ ወደ ታች የሚወርደውን ኮረኮንች ከፍታውን ለክታችሁ አስፋልት ንደፉበት ተብላችሁ ከኮሌጅ አራት ሆናችሁ መጣችሁ። ባለ ቁጥሩን ረጅም ዘንግ የሚይዘው አምስተኛው ልጅ ታሞ ቀረ። እኔ ዘልዬ ገባሁ። «ሃያ ዓመት የታክሲና የባጃጅ ተራ ሳስከብር የቆምኩ ሰው ዘንግ ይዤ መቆም ያቅተኛል?» አልኩ በጓደኞችሽ ፊት።

«ብቻ እንዳይነቃነቁ፣ ጋሼ» አለኝ ያ ቀጭኑ ኤባ።

«እኔ አንዴ ከተተከልኩ የመብራት ምሰሶ ነኝ!»

አንቺ ግን ቀስ ብለሽ አስረዳሽኝ። «አባዬ፣ እኔ በመነጽሩ የዘንጉን ቁጥር አነባለሁ። ከዚያ መሣሪያውን ነቅለን ወደፊት እናልፋለን። አልፈን እንደገና እስካነብ ድረስ ዘንጉ ከዚያው ድንጋይ መልቀቅ የለበትም። ከለቀቀ የኋላው ልፋት ከፊቱ ጋር ይቆረጣል።» ገብቶኛል አልኩ። ገብቶኝም ነበር፤ አልገባኝም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ ነው ይህን የምጽፈው።

ሰባት ሰዓት ግድም፣ መሣሪያውን ነቅላችሁ ስታልፉ፣ ቀባሪ ጀናዛ ተሸክሞ መጣ። የማን እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም። ትከሻዬ ቀድሞኝ ሄደ። ጀናዛ ሲያልፍ ትከሻውን የሚነፍግ የወሎ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ዘንጉን አጥር ላይ አስደግፌ ሮጥኩ፤ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ተሸክሜ ለሌላ ሰጥቼ ተመለስኩ። እዚያ ጥግ ሦስት ድንጋይ ነበር። በጠመኔ ያደረግሽበትን ምልክት የቀባሪው እግር አጥፍቶታል። «ይሄ ነው» አልኩና አንዱ ላይ ዘንጌን አቆምኩ።

ከመሣሪያው ኋላ ቀና ብለሽ ብዙ አየሽኝ።

«አባዬ፣ ከድንጋዩ ለቅቀህ ነበር እንዴ?»

ጓደኞችሽ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

«እኔ? ኸሚስ? ባቡር ቢመጣብኝ አልለቅ!»

ሳቁ። አንቺ ዝቅ ብለሽ አነበብሽ፣ ደብተርሽ ላይ ጻፍሽ፣ መንገዱ ቀጠለ።

ዞራችሁ መነሻው ላይ ስትደርሱ የወጣውና የወረደው ከፍታ ተቀናንሶ ሂሳቡ ዜሮ ሊመጣ ይገባው ነበር። አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር ተረፈ። መሣሪያውን የምትመልሱበት ሰዓትም ደርሷል። መምህራችሁ ሰይፈሥላሴ «ያነበበው ማነው?» ሲል «እኔ ነኝ» አልሽ። ሌሎቹ አለፉ፤ አንቺ ትምህርቱን በሚቀጥለው ዓመት ድገሚ ተባልሽ።

ድገሚ አሉሽ እንጂ ኮሌጁ አላባረረሽም። ያባረርኩሽ እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ተራው ላይ ሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ «የኔ ልጅ የነደፈችው መንገድ ሄዶ ሲመለስ ቤቱን ያጣል! አሥራ ስምንት ሳንቲ ዘላችሁ ነው የምትገቡበት!» አልኩ። ቢራ የሚባለው ባለባጃጅ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስታልፊ «አሥራ ስምንት!» ብሎ የጮኸብሽ መጀመሪያ እሱ ነው፤ ያስተማርኩት ግን እኔ። አንድ ቀን ቆም ብለሽ ፈገግ አልሽ። ቀልዴ ጣማት ብዬ ኮራሁ። የምዝገባው ሳምንት ሲመጣ አልተመዘገብሽም፤ ሻንጣሽን ይዘሽ ልብስ ልትሰፊ ሐዋሳ ወረድሽ።

ባለፈው ወር እናትሽ ሳጥን ስታስተካክል ያንን ልባሱ ጠንካራ የመስክ ደብተርሽን አገኘች። «ማንበብ ችያለሁ እያልክ አይደል ሰፈሩን የምታደነቁረው? በል አንብብልኝ» አለችኝ። ልጎርርባት ከፈትኩት። ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር። በቀኝ በኩል ጠባቧ ዓምድ ውስጥ ግን አማርኛ አለ፤ በላዩ አንድ መስመር ተሰምሮበታል። በመስክ ደብተር ላጲስ ክልክል ነው፣ የተተወ ነገር በአንድ መስመር ብቻ ነው የሚሰረዘው፣ ሥሩ መነበብ አለበት ይሏችኋል አሉ፤ ኋላ መምህራችሁ ነገረኝ። ፊደል በፊደል አነበብኩት።

«አባዬ ጀናዛ ሊሸከም ሄደ። ሲመለስ የቆመው ሌላ ድንጋይ ላይ ነው።»

«ምን ይላል?» አለች እናትሽ ፊርዶስ።

«ቁጥር ነው» አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደገና።

ለካ አይተሽ ነበር። አይተሽም ጠየቅሽኝ፤ እውነቱን የምናገርበትን በር ከፍተሽ ቆምሽልኝ። እኔ በሩን ዘግቼ ሳቅ ለመንኩ። አባትሽን በጓደኞችሽ ፊት ዋሾ ከምታደርጊው መስመሩን በራስሽ ላይ አሰመርሽ። ጀናዛውን መሸከሜ አይቆጨኝም፤ ነገም ቢያልፍ እሸከማለሁ። የሚያንገበግበኝ ተሸክሜ ነበር ለማለት አንድ ቃል ማጣቴ ነው። ቃል ሞልቶኝ የማድር ሰውዬ!

መምህር ሰይፈሥላሴ ዘንድ ሄጄ ደብተሩን አሳየሁት። ብዙ ጊዜ አየው። «ያን ቀን እርስዎ ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ለልጆቹ መሣሪያውን አንድ ሰዓት እጨምርላቸው ነበር። ከዚያ ድንጋይ ጀምሮ መድገም ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም» አለኝ። አሁንስ አልኩት። ሦስት ዓመት ስላለፈ መዝገቡ እንደተዘጋ፣ ከፈለግሽ ከመጀመሪያው መመዝገብ እንዳለብሽ ነገረኝ። አንድ ሰዓት፣ ሰዓደት። ወጥቼ የኮሌጁ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጥበቃው መጥቶ አሞዎታል ወይ እስኪለኝ ድረስ።

ከዚያ ለእናትሽ እውነቱን ነገርኳት። ደብተሩን ከእጄ ነጥቃ ወደ ሳጥኑ መለሰችው።

ትናንት ጠዋት ደግሞ ተራው ሲሞላ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ስሙኝማ!» አልኩ። ሊስቁ ተዘጋጁ፤ ያውቁኛል። ጀናዛውን ነገርኳቸው። ድንጋዩን ነገርኳቸው። የዋሸሁትን፣ አንቺም አይተሽ ዝም ያልሽውን ነገርኳቸው። «አሥራ ስምንቱ ሳንቲ ሜትር የኔ ነው፤ የልጄ ዓይን ልክ ነበር» አልኩ። ቢራ ጥርሱን እንዳወጣ ነበር።

«እሺ ጋሼ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም። ይሄው ነው።»

ማንም አልሳቀም። ቢራ ባጃጁ ሞልቶ ሳለ ሞተሩን ሳያስነሣ ቆየ።

ተመለሺ አልልሽም፣ ይቅር በዪኝም አልልሽም፤ ሁለቱንም የመጠየቅ አፍ የለኝም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ጁምዓ ስትደውዪ «ደህና ነኝ» አትበዪኝ። ያለሽን በዪኝ፤ ስድብም ቢሆን፣ ለቅሶም ቢሆን፣ ምንም ሳትናገሪ ስልኩን ይዘሽ ብትቆሚም። እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ዝም ማለት አልችልበትም፣ ታውቂያለሽ። ማንበብም አልችልም ነበር።

አባትሽ ኸሚስ
አቃቂ