በቀኝ በኩል የተሰፋችው መርከብ

ሰኞ

ጋሽ ይማም መጽሔቷን አልሸጥም አሉ። ግን አዋሱኝ። ከምንም ይሻላል።

ከደሴ ኮምቦልቻ የወረድኩት ለሱቄ የመጋረጃ ጨርቅ ላነሣ ነበር። ዕቃው ከደረቅ ወደቡ ገና አልወጣም፤ ጊዜ ሲተርፈኝ ቤታቸው ጎራ አልኩ። ሰውየው በወጣትነታቸው በግና አትክልት ጭነው አሰብ ድረስ ይወርዱ ነበር፤ መርከቡ ላይ ወጥተው ነው የሚያስረክቡት። መጽሔቷን የሰጣቸው የአንዱ መርከብ ግምጃ ቤት ሹም ነው። የድሮ የመርከብ ኩባንያዎች ለመንገደኛ ማስታወሻ ብለው ከሚያድሏቸው አንዷ ናት።

እንዲህ ያሉ መጽሔቶች ካርቶን ሙሉ አሉኝ። የዚች ልዩነቷ መሐሏ ላይ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ያቺው መርከብ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ተስላለች፤ ጎኗ ተገልጦ ወጥ ቤቱ፣ መኝታው፣ ሞተሩ ይታያል። የትም አላጋጠመኝም።

ማያያዣ ሽቦዋ ዝጎ አልቋል። ወረቀቶቹም ከማጠፊያቸው ተቆርጠው ለየብቻ ሆነዋል።

"አስጠርዤ ላምጣልዎት?" አልኩ።

"አስጠርዢ። ለማን እንደምተዋት ያኔ እናያለን፣ ልጄ።"

ልጃቸው ፋጡማ በር ድረስ ስትሸኘኝ፣ ከአዲስ አበባ አንድ የድሮ ዕቃ ነጋዴ አርብ ሊያያት እንደሚመጣ ሹክ አለችኝ። ስለዚህ እስከ አርብ ማለቅ አለበት።

ማክሰኞ

መጽሔቷን ሼህ ሰይድ ጋ አደረስኩ። ደሴ ውስጥ እንደሳቸው የዐረብኛ ኪታብ የሚጠርዝ አላውቅም፤ የሰፉት አይላቀቅም።

"የምን ቋንቋ ነው?"

"የፈረንጅ።"

"ታነቢዋለሽ?"

"ሥዕሉን ነው የማየው።"

"እህ" ብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ሱቅ ደንበኛ ይጠብቀኝ ስለነበር፣ "እርስዎ ያውቁበታል" ብዬ ወጣሁ።

ማታ ለአሊ ነገርኩት። ባለቤቴ ስለ ካርቶኔ ሲሰማ ዝም ማለት አይሆንለትም። "ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት የመርከብ ባለቤት ልትሆን ነው" አለ። እሱም ባሕር አላየም።

ረቡዕ

ጥሩ ቀን። ከቢስቲማ የመጡ ሙሽሮች ሙሉ ቤት መጋረጃ አዘዙ። ለኩታበሩ ቤት የሠራሁት መጋረጃም ተሰቅሎ ባለቤቶቹ ወደዱት። የላይኛውን ሽንሽን ከአንድ መርከብ የምግብ አዳራሽ ፎቶ ላይ ነው የቀዳሁት፤ ይህን አልነገርኳቸውም። ምን ያደርግላቸዋል?

ሰው ሁሉ ይህን ወረቀት ለምን እንደምሰበስብ ይጠይቀኛል። አንዱ መልስ መጋረጃ ነው። ያ ሁሉ ወርቅ፣ ያ ሁሉ ወንበር፣ እኔ ግን መስኮቱን ነው የማየው። በማዕበል የሚናወጥ ቤት ውስጥ መጋረጃው እንዴት ተስተካክሎ እንደሚሰቀል ማሰብ ደስ ይለኛል። ሌላው መልስ፣ የሚያሳርፈኝ ነገር ነው።

ሐሙስ

መጽሔቷን ተቀበልኩ። ቀይ ቆዳ፣ ጥብቅ ስፌት፣ አንድ ወረቀት አልተጎዳም። ደስ ብሎኝ መሐሏን ገለጥኩ።

ሼህ ሰይድ እንደ ኪታብ በቀኝ በኩል ሰፍተዋታል።

ወረቀቶቹ ተራቸውን ጠብቀዋል፤ ግን ግራ የነበረው ገጽ ቀኝ፣ ቀኝ የነበረው ግራ ሆኗል። የመርከቧ አፍንጫና ጭራ መሐል ላይ ተጋጥመዋል። የተቆረጠ ሆዷ በሁለቱ ዳር ቀርቷል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ለልብስ ሰፊዎቼ መጋረጃው በየት በኩል እንደሚከፈት በጠመኔ ሳላሰምር ጨርቅ አልሰጥም። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ከቀኝ የሚከፈት ሲጠርዙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ምን ሊያደርጉ ኖሯል?

ተመልሼ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩት።

"አፍና ጅራቷን አሳሳምኳት" አሉ።

"ይፈታ ይሆን?"

"ይፈታል። ግን ወረቀቱ አርጅቷል፣ ዘይነብ። በዚያኛውም ጎን መርፌ ካገባሁ ከሁለቱም ዳር ይበጣጠሳል። ባለቤቱን ጠይቂ።"

እውነታቸውን ነው። ንብረቱ የኔ አይደለም። በልቤ ግን መጽሔቷ ከእጄ ወጣች ብያለሁ።

አርብ

ከጁምዓ በኋላ ወረድኩ። ነጋዴው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ጨዋ፣ ፈጣን፣ ጓንት ይዞ የመጣ ሰው። ለጋሽ ይማም ብቻቸውን ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ አልሆነም። ከፌስታሉ ሳወጣት ተቀብሎኝ መሐሏን ገለጠ።

"ማነው እንዲህ ያበላሸው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ራስሽ ነሽ የሰፋሽው?"

"አሠሪዋ እኔ ነኝ። በየት በኩል እንደሚሰፋ አልተናገርኩም።"

ጋሽ ይማም እጃቸውን ዘረጉ። ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከቀኝ ከፈቷት፤ እጃቸው ራሱ ወደዚያ ሄደ። ሥዕሉን አዩ፣ ደግመው አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለካ እየሳቁ ነው።

"ወላሂ፣ ራሷን ልትነክስ ነው" አሉ። ጣታቸውን ጭራዋ አጠገብ አድርገው፣ "በጎቹን የማስገባው በዚች በር ነበር። አልጠፋችም፣ ይኸውና።"

ነጋዴው ተፈትታ እንደገና ከተሰፋች እንደሚወስዳት ተናገረ። "አትፈታም" አሉት፣ ሻይ እየጋበዙት። ለኔም ግን አልሰጡኝም። ከመቀመጫቸው አጠገብ አስቀመጧት። ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ ሽቅብ መንገዱ ረዘመብኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት ፋጡማ ደወለችና ስልኩን ለአባቷ ሰጠች።

"ዘይነብ፣ መጥተሽ ውሰጂያት።"

"ለምን፣ ጋሽ ይማም? አበላሽቼብዎት የለም?"

"በነጋዴው ፊት የጠረዛትን ሰው ስም ሳትጠሪ ጥፋቱን በራስሽ ወሰድሽ። ዕቃዬንም እንዲህ ያለ ሰው እንዲይዝልኝ ነው።" ከዚያ ሳል ያዛቸው፤ ጠበቅኋቸው። "ደግሞ ኮምቦልቻ ስትመጪ ይዘሽልኝ ጎራ በይ። እያየሁ ልቆይ።"

ሱቁን ለእህቴ ትቼ በሚኒባስ ወረድኩ፣ ከምሳ በፊት ተመለስኩ። ለሼህ ሰይድ ደውዬ እንደማትፈታ ነገርኳቸው፤ "አልሐምዱሊላህ" አሉ፣ ረጅም አድርገው።

አሁን አሊ ሶፋው ላይ ይዟታል። ከግራ ሊከፍታት ይታገላል፤ መጨረሻው ገጽ እየወጣበት ይገለብጣታል። ሳልነግረው እያየሁት ነው።

የጋሽ ይማም ሳል ከጆሮዬ አልወጣም። በሚቀጥለው ሳምንት ከኮምቦልቻ የማነሣው ዕቃ የለኝም። ቢሆንም እወርዳለሁ።