ሳያብጥ የታወቀ ሕመም

አሽቀሎን፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1986 ዓ.ም.

ዛሬ ማዕባዳ በሚሉት ቤተ ሙከራ ውስጥ የአይጦቹን ሣጥኖች ሳጸዳ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዶክተር ኢሪና «ጌን» የምትለውን የሰው ዘር ቅንጣት የጨመረችባቸው አይጦች፣ ከፍ ሲሉ መገጣጠሚያቸው ያብጣል። መድኃኒት የምትሞክረውም በእነሱ ላይ ነው። የዛሬዎቹ ገና ግልገሎች ናቸው፤ አላበጡም። ነገር ግን ከሣጥኑ ሳወጣቸው እንደ ጤነኞቹ ሽቦውን ሙጭጭ አላሉም።

እኔ ጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ መናገሩ አሳፈረኝ። ዝም ማለትም አልቻልኩም።

«እነዚህ ታመዋል» አልኳት በተሰባበረ ዕብራይስጤ።

«አላበጡም እኮ! በምን አወቅሽ?»

«እናቴም ጣቷ ከማበጡ በፊት ብርጭቆ ከእጇ ያመልጣት ነበር።»

መነጽሯን አደረገችና አንድ በአንድ ሽቦው ላይ አኖረቻቸው። ሁለቱ ወዲያው ለቀቁ። ኢሪና ቀና ብላ ትክ ብላ አየችኝ።

«ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ ያየሽውን ጻፊልኝ።»

«በዕብራይስጥ መጻፍ አልችልም።»

«በአማርኛ ጻፊው፤ እያነበብሽ ትነግሪኛለሽ።»

ከአውቶቡስ ወርጄ ግቫት ጺዮን ሰፈር ያለው ቤታችን እስክደርስ እግሬ መሬት አልነካም። ለእማማ ሁሉንም ነገርኳት። የተጣመሙ ጣቶቿን እያሻሸች ሰማችኝ።

«እኔን እንደሚያመኝ ያማቸዋል ማለት ነው?»

«ይመስለኛል፣ እማማ።»

«መድኃኒቱ ሲገኝስ እነሱ ምን ይሆናሉ?»

አንድ ዓመት ሙሉ ሣጥናቸውን ሳጥብ ይህን ጠይቄ አላውቅም። ነገ ኢሪናን እጠይቃታለሁ። መልሱን ለእማማ መንገሬን ግን እንጃ።