ባዶውን የማይመለስ ሳህን

ለእታለሜ፣ ኮምቦልቻ።

አሰላሙ ዓለይኪ እታለም። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ቁልቁለቱን ስትወርጂ ትቆጪዋለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗ ከታከመ ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር አስገባሁ ብላ ጎረቤቱን ስታስቸግር ሰምቻለሁ፤ ያው እንደፎከረች ናት? ጋሼ ይመርስ? ሱቁስ? ያቺ እንቁላሏን ሰው ግቢ ሄዳ የምትጥለው ዶሮሽስ? እኛ አልሐምዱሊላህ በጣም ደህና ነን። ባህሩዲን ደህና ነው፣ ልጆቹም ደህና ናቸው፤ እኔም ዕቃ ሳነሳ ወገቤን ቆረጠኝ እንጂ ደህና ነኝ። ወገቤንም የቆረጠኝ በደስታ ስሠራ ስለሆነ እንደ ሕመም አትቁጠሪው።

በየሳምንቱ እየተደዋወልን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። በስልክ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እቸኩላለሁ፣ ሰልሰቢል ስልኩን ነጥቃ የወለቀ ጥርሷን ታሳይሻለች፣ ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል። የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ሲፋን ሐሙስ ወደ አገር ቤት ትበራለች። ለእማዬ ካልሲ፣ ለጉልበትሽ ቅባት ስልክላችሁ ይሄንንም ጨመርኩበት። መነጽርሽን አድርገሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ካሊፎርኒያ ልንሄድ ነው ስልሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። ከለመዳችሁት ቤት ተነስታችሁ እሳት የሆነ ኑሮ ውስጥ ልትገቡ ነው ወይ ብለሽ ተቆጣሽኝ። እውነትሽን ነው። የምንሄድባት ሳንዲያጎ ከውቅያኖሱ ጠርዝ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ ለአንዲት ጠባብ ክፍል የሚጠየቀው ኪራይ እዚህ ሚኒሶታ፣ ሮቢንስዴል ሰፊ ቤት ያስይዛል። ቤንዚኑም ሽንኩርቱም ከዚህ ይወደዳል። እኛ ደግሞ ያለን ሁለት ደመወዝና አንድ አሮጌ መኪና ነው። ግን የምንሄድበትን ምክንያት ሙሉውን አልነገርኩሽም፤ እንዳትደነግጪ ብዬ ነበር።

ባህሩዲን የትምህርት ቤት አውቶቡስ እንደሚነዳ ታውቂያለሽ። በየጠዋቱ ሳይነሳ በፊት አውቶቡሱን እየዞረ መብራቱን፣ ጎማውን፣ በሩን ማየት አለበት፤ ብርድ ቢሆን በረዶ ቢሆን የሚቀር ነገር አይደለም። ባለፈው ጥር እንደዚያ ሲዞር አስሙ ተነሳበትና ትንፋሽ አጥሮት አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ሹፌር ደርሶለት አምቡላንስ ጠራ። እኔ ሆስፒታል ስገባ አፍና አፍንጫውን በጭንብል ሸፍነውት አገኘሁት፤ በዓይኑ ብቻ አይዞሽ አለኝ። እሱ ታሞ እኔን አይዞሽ! እታለም፣ ያን ቀን ክፉኛ ፈራሁ። ሐኪሟ ብርዱ እንደሚቀሰቅስበት፣ ለስለስ ያለ አየር ያለበት ቦታ ቢኖር እንደሚሻለው ነገረችን። እሱ ሻርፕ ደርቤ እለምደዋለሁ ብሎ ሊያድበሰብሰው ፈለገ። እኔ ግን የሚቀጥለውን ብርድ እዚህ እንደማያሳልፍ ያኔውኑ ወሰንኩ።

ሥራ አላስቸገረንም። ሳንዲያጎም አውቶቡስ ነጂ ይፈልጋሉ፤ በስልክ አነጋገሩትና ኅዳር ሲብት ጀምር አሉት። ለእኔም አረጋውያን መንከባከብ የትም የማላጣው ሥራ ነው። ያስቸገረን ቤት ነው። የዚህን አገር በጋ ሙሉ ያመለከትንባቸው ቤቶች ሁሉ አንድ መልስ ነው የሰጡን፤ የባልና ሚስቱ ገቢ የኪራዩን ሦስት እጥፍ መሆን አለበት ይላሉ። የእኛ ሁለት እጥፍም አይሞላም። ባህሩዲን እኔ ልቅደምና መኪና ውስጥም ቢሆን ልደር፣ እናንተ ኋላ ትመጣላችሁ ማለት ጀመረ። በዚያ ደረቱ መኪና ውስጥ ሊያድር! የያዝነውን ቤት በወሩ መጨረሻ እንለቃለን ብለን ተናግረናል፣ የምንገባበት ግን አልነበረንም። ባለፉት ሳምንታት ስትደውዪ ድምፅሽ ምን ሆኗል ያልሽኝ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሳህኑ ልምጣ። ዕቃ ልጠቅልል ብዬ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ስከፍተው ግማሹ ዕቃ የእኔ አይደለም። የሲፋን ትሪ አለ። ከታች ያለችው የፋዮ ድስት አለ። የባህሩዲን ጓደኞች ሚስቶች ጎድጓዳ ሳህን፣ ክዳኑ የጠፋ፣ ክዳኑ ብቻ የቀረ፣ ምኑ ቅጡ። ረመዳን በመጣ፣ ልጅ በተወለደ፣ ሰው ባዘነ ቁጥር አንድ ነገር ይመጣል፤ ምግቡ ይበላል፣ ዕቃው ይቀራል። ባዶውን ደግሞ አይመለስም። እማዬ ጎረቤት ዕቃ እንድንመልስ ስትልከን ምንም ቢጠፋ ቆንጠር አድርጋ ጨው ትጨምርበት እንደነበር ታስታውሻለሽ። ከሁሉም ኋላ፣ ጥግ ላይ፣ አንዲት ቢጫ የዱቄት ወተት ጣሳ ነበረች፤ እሷን ለብቻዋ አስቀመጥኳት።

እናም ምግብ መሥራት ጀመርኩ። ባህሩዲን ለመንገድ የቆጠብነውን በዘይትና በዱቄት ጨረስሽው ብሎ አጉረመረመ። በል እንግዲህ የጓደኛህን ሳህን ባዶውን ወስደህ ስጠው ስለው እሱም ፈራ። ጉዱ የመጣው ከመለስኩ በኋላ ነው። ሲፋን ትሪዋን በተቀበለች ማግስት ሌላ ትሪ ሙሉ ቂጣ ይዛ መጣች። ፋዮ ድስቷን አጥባ ያን እንደ ድንች የሚቀቀለውን አንጮቴ ሞልታ መልሳ ላከችው። እኔ ለመገላገል ስሮጥ መደርደሪያው እንደገና ሞላ። ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል፤ ባህሩዲንም ማጉረምረሙን ሳይተው ይበላል።

አንዱን ሳህን ግን ነክቼ ነክቼ ወደ ቦታው እመልሰው ነበር። ነጭ፣ ጎድጓዳ፣ ዙሪያውን ሰማያዊ አበባ ያለበት የቤዛዊት ሳህን ነው። ሰልሰቢልን የወለድኩ ጊዜ በላክሁልሽ ፎቶ ላይ ሕፃኗን አቅፋ የቆመችው ረጅሟ ሴት ናት ቤዛዊት። ያኔ የእሷና የእኛ በር ፊት ለፊት ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ክርስቲያን ናት፤ ምጥ ሲይዘኝ ሆስፒታል የወሰደችኝም እሷ ናት። መኪና ውስጥ እሷ ማርያም ማርያም ስትል እኔ ያ አላህ ስል ደረስን። በአራስነቴ በዚያ ሳህን ገንፎ አምጥታ፣ መሐሉን ጎድጉዳ ቅቤና በርበሬ ሞልታ አበላችኝ።

ለእንዲህ ያለ ገንፎ ተራ ነገር አይመለስበትም፣ ደህና ነገር እስክሠራ ይቆይ አልኩ። ወገቤ ሳይጠና እሷና ደረሰ የሚባለው ባሏ ከዚህ ራቅ ብሎ አፕል ቫሊ ቤት ገዝተው ሄዱ። ለአዲስ ቤት ደግሞ ከፍ ያለ ነገር ያስፈልጋል ብዬ አሁንም አቆየሁት። ሳህኑ በቆየ ቁጥር የሚሞላበት ነገር እየከበደኝ መጣ። መጨረሻ ላይ አፍሬ መደወሉን ተውኩት፤ እሷም ተወችው። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ከሩቅ አየኋትና በሌላ በኩል ዞሬ ወጣሁ። አምስት ዓመት፣ እታለም፣ በአንድ ሳህን! አብዱራሕማን ሳወራ ሰምቶ «ማሚ፣ ጀስት ሪተርን ኢት» አለኝ። መልሺውና ተገላገይ ነው ነገሩ። እዚህ አገር ለተወለደ ልጅ ይሉኝታን ከየት ጀምሬ ላስረዳው?

ረቡዕ ዕለት ቆረጥኩ። ጭኮ በቅቤ አራስኩና ሳህኑን ሞልቼ፣ በፎጣ ሸፍኜ፣ ጫማዬን ሳደርግ ረቡዕ መሆኑ ትዝ አለኝ። አምስት ዓመት ቆይቼ ለጿሚ ሰው ቅቤ ልወስድላት! ጭኮው ለባህሩዲንና ለልጆቹ ሲሳይ ሆነ። እኔ ጫማዬን አውልቄ በቤት የነበረውን ምስር ቀቀልኩና ሳምቡሳ ጠቀለልኩ። ያ ሁሉ ዓመት የተጠበቀው ትልቅ ነገር የምስር ሳምቡሳ ሆኖ ቀረ።

በሩን የከፈተችው ራሷ ቤዛዊት ናት፤ የምትሠራበትን የሆስፒታል ልብስ እንኳ አላወለቀችም። ፊቴን ሳይሆን ሳህኑን ነው ያየችው። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ያለችኝን እንዳለችው ልጻፍልሽ። «ሻሂዳ፣ ገንፎዬን የበላሽው አይመስለኝም ነበር» አለችኝ።

ለካ የክርስቲያን ቤት ምግብ ነው ብዬ ከነሳህኑ የጣልኩት መስሏት ኖሯል። እኛ ቤት ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል እንጂ ገንፎ ሃይማኖቱ ተጠይቆ ያውቃል? እሷ ግን ይሄን ከየት ትወቅ፤ ያየችው ያልተመለሰ ሳህንና ያልተደወለ ስልክ ነው። «ቤዛዬ፣ በጣቴ ጠርጌ ነው የበላሁት፤ ለባህሩዲን እንኳ አላቀመስኩትም» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ እኔም ተከተልኳት። ባሏ ደረሰ ሰው የሞተ መስሎት ከጓዳ እየሮጠ መጣ።

ሳምቡሳውን እየበላን ሁሉን ዘረገፍኩላት፤ የባህሩዲንን ደረት፣ የቤቱን ነገር፣ ሦስት እጥፍ የሚሉትን። የጎረሰችውን ሳትውጥ ስልኳን አነሳች። ሳንዲያጎ የሚኖሩ አይዳ የሚባሉ አክስት አሏት። ከጓሯቸው ባለሁለት ክፍል ቤት አለ፤ ተከራዩ ከወጣ ወዲህ የማያውቁትን ሰው ማስገባት ፈርተው ዘግተውታል። ቤዛዊት የሳህኑን ታሪክ ከገንፎው ጀምራ ስታወራላቸው መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ስለ ገቢያችን ልትነግራቸው ስትል አቋረጧት። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ሁላችንም ሰማናቸው፤ «ለአንድ ሳህን አምስት ዓመት የተጨነቀች ሴት የእኔን ኪራይ አትበላም። ልጆቿን ይዛ ትምጣ» አሉ።

በነፃ አይደለም፤ በነፃ ቢሉኝም እንቢ እል ነበር። ከሌላው ቤት ኪራይ ግን ብዙ ይቀንሳል፤ ከደመወዛችን ከፍለነው ለሽንኩርት ይተርፈናል። ልጆቹ አንድ ክፍል ይጋራሉ፣ ሶፋችን ስለማይገባ ለፋዮ ሰጥተናታል፤ ጠበብ ብለን እንኖራለን። ቤት ስገባ ለባህሩዲን ነገርኩት። ወደ መስኮቱ ዞሮ ፊቱን ጠራረገ። ከዚያ ለሴትየዋ ጭኮ እንውሰድላቸው እንጂ አለ። ጭኮው የት ተርፎ!

ቤዛዊት ሳህኑን አልቀበልም ብላለች። በማግስቱ ሽሮና በርበሬ በየላስቲኩ አስራ፣ ሳህኑን ሞልታ፣ ለአክስቴ አድርሺልኝ ብላ መልሳ አመጣችው። ስለዚህ ሳህኑም አብሮን ካሊፎርኒያ ይገባል። ቅዳሜ ጠዋት እንነሳለን፤ መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጃል። ጎረቤቶቼ የሞሉልኝ ዕቃ ሁሉ ስንቅ ሆኖናልና መንገድ ላይ ለምግብ የምናወጣው የለም። ከዚህ ስሄድ የሚከፋኝ ነገር አለ፤ ሳልጠይቀው የመረቅ አጥንት የሚጨምርልኝ የዩኒቨርሲቲ አቬኑ ሥጋ ሻጭ፣ ከሥራ ስወጣ በሐይቁ ዳር የምሄደው መንገድ። ደግ አገር ነበር። ትናንት ግን ባህሩዲን ሳጥን ተሸክሞ ደረጃውን እያፏጨ ሲወጣ ሰማሁትና የቀረው ሁሉ ቀለለኝ። በዱዓሽ አትርሺን።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ካልሲውን ለሰው እንዳትሰጥ፣ ማድረጓንም አንቺው እዪልኝ። ለጋሼ ይመር ባህሩዲን በጣም ሰላም ብሎሃል በዪው፤ ውቅያኖሱን ካየ በኋላ ዓሣ አጥማጅ እሆናለሁ ብሎ ይፎክራል። ነጂባ ፈተናዋን እንዳለፈች ሰምቼ እልል ብያለሁ። እንድሪስን ጢም አወጣህ አሉ፣ ፎቶ ላክ በዪልኝ። ለግራ ቀኙ ጎረቤት በሙሉ ሰላም በዪ፤ እንቁላል ለሚለቅምላችሁ ጎረቤትም ጭምር።

ላንቺ ግን ሰላምታዬን በወረቀት አልጨርሰውም። ያቺ ቢጫ ጣሳ ያንቺ ናት። ከቤት ስወጣ ዳቦ ቆሎ ሞልተሽ ሻንጣዬ ውስጥ የሸጎጥሽልኝ፣ አውሮፕላን ላይ ያለቀስኩባት። አሥራ ሦስት ዓመት ያልተመለሰችልሽ ረስቼሽ አይደለም። በየዓመቱ ልምጣ እልና እጄ እስኪሞላ፣ ለእማዬ ቤቱን እስካድስላት፣ ላንቺ ወርቅ እስክገዛ እያልኩ ነው። ቤዛዊት በር ላይ ከቆምኩ ወዲህ አንድ ሐሳብ አላስቀምጥ ብሎኛል። አንቺስ፣ ዳቦ ቆሎዬን የበላችው አይመስለኝም ብለሽ ይሆን? በልቼዋለሁ እታለም፤ ፍርፋሪውን ሳይቀር በልቼዋለሁ። ኢንሻአላህ ሰኔ ላይ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እመጣለሁ። ወርቅ አትጠብቂ። ጣሳሽን የምስር ሳምቡሳ ሞልቼ ነው የማመጣልሽ፤ መንገድ ላይ ቢደርቅም ትበይዋለሽ።

እኅትሽ ሻሂዳ

ሮቢንስዴል፣ ሚኒሶታ
ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.