በሰርዲን ጣሳ የመጣው ዕጣን

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

…ጣሳው የሰርዲን ነበር። ይህን አልረሳሁም። ጠርዙ እንዳይቆርጠኝ በቅጠል ሸፍኖ ነው የሰጠኝ። ፊቱን ግን ማስታወስ አልቻልኩም። እጁን አስታውሳለሁ፤ በሙጫ የጠቆረ አውራ ጣት። ስሙ በአሮጌ ደብተሬ ላይ አለ፦ ታከለ፣ ዕጣን አምራች። የአባት ስም የለም። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የአባት ስም መጠየቅ አልታየኝም።

መተማ ከቀትር በኋላ ገባሁ። ሙቀቱ ያው ነው። ከተማው በሰሊጥ አጫጆች ተሞልቷል፤ አልጋ የለም። የማረፊያው ባለቤት ወይዘሮ ሰላም በሩ ላይ ቆማ አየችኝና "እማማ፣ እርስዎም ለአጨዳ ነው?" አለችኝ። ሳቅን። ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ክፍል ለቀቀችልኝ። መስኮት አለው፣ ጠረጴዛ አለው። ይበቃል።

ያመጣሁት፦ ዕጣን የሚያሟሟ ሁለት ጠርሙስ ሄክሳን፣ በፎጣ የተጠቀለለ። አዮዲን። ንጹሕ ብልቃጦች። ከመጋዘን የተገዛ ጥቂት ዕጣን። ነጭ ዱቄት የተለበጠባቸው የመስታወት ሰሌዳዎች። የደም ግፊት ክኒን። የአዘጋጁ ደብዳቤ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ደብዳቤውን እንደገና አነበብኩት። ስለ ሕይወቴ መጽሐፍ ሊያወጡ ነው። የመጀመሪያዋ ሴት የኬሚስትሪ መምህር፣ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር፣ ወዘተ። አዘጋጁ ትሑት ልጅ ነው። "ሁለተኛውን ምዕራፍ ለክብርዎ ሲባል ብናልፈው ምን ይመስልዎታል?" ይላል። እስከ ወሩ አጋማሽ መልስ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ምዕራፍ ከዚህ የወሰድኩት ዕጣን ነው። በሰሌዳው ላይ ዕጣኑን ስለያየው አራት ነጥብ አየሁ፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ንጥረ ነገር ነው። ሦስቱ የታወቁ ናቸው። አራተኛዋን ከእኔ በፊት ያየ አልነበረም። ጻፍኩ፣ ታተመ፣ ስሜ ተጠራ። ከዚያ ሌሎች ሞከሩት። ሦስት። ደግመው ሞከሩ። ሦስት። ተማሪዎቼ "የዶክተር መንፈስ" ይሏት ነበር፤ የማልሰማ መስሏቸው። በኋላ ስለ ጉድጓድ ውኃ ሠራሁ፣ ስለ ሰሊጥ ዘይት ሠራሁ፤ የተከበርኩት በእነሱ ነው። የመጀመሪያዬ ግን ያቺ ነጥብ ናት።

እዚህ ላይ ብቻ ልጻፈው። ጽሑፌ ውስጥ "ናሙናው በንጹሕ የመስታወት ዕቃ ተሰበሰበ" ብያለሁ። ፈርሜበታለሁ። የዓሣ ዘይት ያየሁ እንደሆነስ?

ሰው ጠይቄ ቤቱን አገኘሁት፤ በሽንፋ መንገድ፣ ከከተማው ዳር። አሁን አያ ታከለ ነው የሚባሉት። በሩ ላይ ባለቤታቸው ቆመዋል።
"የሉም። ሽንፋ ወርደዋል።"
ራኩባው ሥር፣ ከሣሩ ጥላ፣ የጠፍር አልጋ አለ። አጠገቡ ግማሽ ብርጭቆ ከርከዴ። በረዶው ገና አልቀለጠም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

"ከሽንፋ ወደ አብደራፊ አልፈዋል" አሉኝ ባለቤታቸው።
"ነገ ደግሞ ሱዳን ይሻገሩ ይሆን?"
"እሱን እግዜር ያውቃል" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የሚስቁ መሰለኝ።

ወይዘሮ ሰላም "ዶክተር መጥታለች" ብላ አውርታለች። ከቀትር በኋላ ሰባት ሰው ጉልበቱን አሳየኝ። የሕክምና አይደለሁም ብል ማን ይሰማኛል። ለአንዱ ውኃ አብዝተህ ጠጣ አልኩት። ተሽሎት እንዳይመጣ እፈራለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

አልወጣሁም። ኔትወርክ ከትናንት ጀምሮ የለም። መኖሩስ ምን ይጨምርልኛል። ማን ሊደውል? ባለቤቴ ከሞተ አራት ዓመቱ። እኅቴ መስማት ተስኗታል። የቀረው አዘጋጁ ነው።

መምህር ሆኜ ስገባ ሕንፃው ውስጥ የሴቶች ሽንት ቤት አልነበረም። ቤተ መጻሕፍት ድረስ እሄድ ነበር፤ ደርሶ መልስ አሥራ አምስት ደቂቃ። ሙከራዎቼን በዚያ ሰዓት እለካ ነበር። ለአዘጋጁ ይህን ነግሬው "በጣም ደስ የሚል ታሪክ" አለኝ። ደስ አይልም ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሄድኩ። አያ ታከለ አልጋው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያሻሉ። አዩኝ። ለመነሣት ሞክረው ተዉት።

"በመጨረሻ ደረሱብኝ" አሉ።
"ምን አጥፍቼ ነው የሚሸሹኝ?"
"እርስዎማ ምን ያጠፋሉ። እኔ ነኝ እንጂ።"
ከውስጥ ባለቤታቸው፦ "ይንገሯት እንግዲህ። እርስዎን ስሸሽግ እኔ ውሸታም ሆንሁ።"

መሬት መሬት እያዩ ነገሩኝ። ያኔ የሰጡኝ ዕጣን የሚጣለው ነው። ዛፉ መጀመሪያ ሲፋቅ የሚያወጣው አይሰበሰብም። "እሱ ማስነቂያ ነው። ዛፉ ቁስሉን እስቲለምድ። ደጋግመን ከፋቅነው በኋላ የሚመጣውን ነው ዕጣን የምንለው።" ጥሩው በየማታው ይመዘናል፤ ከሱ ጭብጥ ቢያነሡ አለቃው ሌባ ይላቸዋል። "እርስዎ ደሞ የከተማ ልጅ ነበሩ። ምኑን ታውቀዋለች ብዬ የሚጣለውን ሰጠሁዎ። ኋላ ትልቅ ሰው ሆነች ሲሉ ሰማሁ። አሁን ስለዚያ ጣሳ እየጠየቀች ነው አሉኝ።"

"ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ሲፈሩ ኖሩ?"
"የመንግሥት ነገር ይዘገያል እንጂ መች ይቀራል።"
"ለምን ያኔውኑ አልነገሩኝም?"
"ማን ጠየቀኝ?"

መንገድ ላይ ድንጋይ አግኝቼ ተቀመጥኩ። የሞከሩት ሁሉ ዕጣኑን የገዙት ከመጋዘን ነው። የተለቀመ፣ ነጭ፣ አንደኛ ደረጃ። የመጀመሪያው ቁስል በማንም እጅ አልገባም። ዛፉ ሥር ወድቆ ቀርቷል።

ወይም የዓሣ ዘይት ነው። ተስፋ በዚህ ዕድሜ ልብ ያስመታል። ክኒኔን ዋጥኩ። ስለ መስታወቱ ዕቃ ለአያ ታከለ አልነገርኳቸውም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

በባጃጅ እስከ ኮረብታው ግርጌ፣ ከዚያ በእግር። እሳቸው በምርኩዝ፣ እኔ በጃንጥላ። ያኔ ጫካ የነበረው አሁን ሰሊጥ ነው። የዕጣን አምራቾች ማኅበር ጥበቃ "ለማን ነው የምትፍቁት?" ሲላቸው "ለሚጣለው ነው" አሉት። ዝም ብሎ አሳለፈን።

በዚህ ዓመት ብረት ያልነካው ዛፍ መረጡ። ልጡን ጥፍር በምታህል ስፋት ፋቁት። "ነይ፣ እይው። ወተቱን እይው" አሉኝ። ሳያውቁት አንች አሉኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ አንች ያለኝ ሰው የለም።

ማክሰኞ እንመለሳለን።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ምንም። ዝናብ እንዳይመጣ ሰማዩን ሳይ ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ስድስት ጠብታ፣ እንደ ምስር ፍሬ። ገና ሙሉ በሙሉ አልደረቁም። በብልቃጥ ተቀበልኩ።
"ዛሬስ ጣሳ የለም" አሉና ሳቁ።
ያን ጊዜ ነገርኳቸው። በመስታወት ዕቃ ነው የተሰበሰበው ብዬ እንደጻፍኩ። ቁልቁለቱን ግማሽ ከወረድን በኋላ፦
"ጣሳውን እኮ በአሸዋ አሽቸው ነበር" አሉ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ከሰዓት በኋላ አያ ታከለን ጠራኋቸው። ብቻዬን ማየት ፈራሁ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ።

ሰሌዳው ላይ በግራ የመጋዘኑን ዕጣን፣ በቀኝ የኛን በሄክሳን አሟሙቼ አስነካሁ። ሄክሳኑ ሽቅብ እስኪወጣ ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ወደ አዮዲኑ ብልቃጥ። ቡናማ ነጥቦች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። የኔን ዓይን አላምነውም፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲፈልግ የኖረ ዓይን ነው።

"ይቁጠሩልኝ።"
"ስንት እንዲሆን ነው የምትፈልጊ?"
"ያዩትን ያህል።"
መስኮቱ ዘንድ ወሰዱት። አራቁት፣ አቀረቡት።
"በግራ ሦስት። በቀኝም ሦስት።" ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። "ከላይ ደሞ አንዲት አለች። እንዳለችም እንደሌለችም ናት፤ ግን አለች።"

በእርሳስ ከበብኳት። የአዮዲን ቀለም አይቆይም፤ እያየነው ቡናማው ጠፋ። ክቦቹ ቀሩ። ማስረጃ አይባልም፤ ትልቅ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ጠብታዎቹን አሽጌያለሁ። ለማን ልንገር ብዬ አሰብኩ። ነጥቧን የሚያውቋት አብዛኞቹ ሞተዋል፣ ካፌዙብኝም ብዙዎቹ።

ወረቀት አወጣሁ። ለአዘጋጁ የምጽፈውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፦ "ሁለተኛው ምዕራፍ አይታለፍ። ይህ ግን ይጨመርበት። ናሙናው በሰርዲን ጣሳ እንጂ በመስታወት ዕቃ አልመጣም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ዕጣኑም የሚሸጠው ሳይሆን የሚጣለው፣ የመጀመሪያው ቁስል ነው። የሰጡኝ አቶ ታከለ…"

"የአባትዎ ስም ማን ነው?" አልኳቸው።

"የሚጣለውን ሰጠ ተብሎ ሊጻፍ?"
"እሱን ባይሰጡኝ ምንም አላይም ነበር።"
"መጽሐፍ ነው። ልጆቼ ያነቡታል።"
"አዎ።"

ባርኔጣቸውን አደረጉ። ምርኩዛቸውን ከግድግዳው አነሡ። ሰሌዳውን አንድ ጊዜ ተመለከቱት፤ ነጭ ሆኗል። ብዕሬን ታከለ ከሚለው ቃል አጠገብ እንደያዝኩ ጠበቅኩ።

ወጡና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።