በበርበሬ እንባ የተፈጸመው እርቅ

ለክቡር አቶ ዒብራሂም
በመለያየት ላይ ላሉ ባለትዳሮች የሽምግልና ወጪ ድጋፍ ክፍል ኃላፊ
ድሬ ዳዋ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ፣ ወንበርዎና ከራስዎ በላይ የሚሽከረከረው ቬንቲሌተር እንደምን ሰነበቱ? የድሬ ሙቀት የእኛን እንጂ የእርስዎን ግንባር እንዳይነካ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ ቀፊራ ገበያ በርበሬ የምሸጠው ሸዋገነት ነኝ። ዘንግተውኝ ከሆነ፣ ቢሮዎ ውስጥ እልል ያስባሉልኝ ሴት ነኝ።

እንደሚያውቁት ከባለቤቴ ከነህምያ ጋር ከተለያየን ወዲህ ልጃችን ኑሀሚን የምትኖረው ጀልዴሳ መንደር፣ ከአባቷ እናት ዘንድ ነው፤ አባቷ ሲፈቅድ አያታለሁ፣ ሲያኮርፍ አላያትም። ፍርድ ቤቱ ልጅቷ ከማን ጋር እንደምትኖር መጀመሪያ በአሸማጋይ ፊት ተነጋግረን እንድንስማማ አዘዘን። አሸማጋይ ደግሞ በነፃ አይሠራም። ክፍልዎ አቅም ላነሰው ወጪውን እንደሚሸፍን ስሰማ ደጅዎ መጣሁ፤ ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ብቻዬን ብመጣ፣ መለያየታችን የሚረጋገጠው አብረን ስንመጣ ብቻ መሆኑን በትዕግሥት ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ሰው ለመለያየትም መስማማት እንዳለበት አላውቅም ነበር። ስለዚህ ነህምያን ለምኜ፣ ከሥራው አስፈቅጄ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ በአንድ ባጃጅ ጎን ለጎን ተቀምጠን መጣን።

ሁለተኛ፣ ስለ አስተዋይነትዎ። የዚያን ዕለት በርበሬ ስሰፍር ቆይቼ እጄን በወጉ ሳልታጠብ ነበር የመጣሁት፤ ፊትዎ ቆሜ ላቤን ብጠርግ ዓይኔ ተቃጠለ፣ እንባዬ ወረደ፣ ሳል አጣደፈኝ። ነህምያም ውሃ አቀበለኝ፤ ይህ ለማያውቁት ሰው እንኳ የሚደረግ ነው። እርስዎ ግን ብድግ ብለው እንባው የፀፀት፣ ውሃው የፍቅር መሆኑን አወጁ፤ ሠራተኞችዎንም ሰብስበው እልልታውን አስነሱት። እኔ ዓይኔ ጠፋ፣ አስታጥቡኝ እያልኩ ስማፀን ደስታ ነው የሚያስለቅሳት ብለው ለተሰበሰቡት ተረጎሙልኝ። ወዲያው ታርቀዋል ተብሎ ተጻፈልን፣ ማኅተምም ተመታበት። የታረቀ ሰው ደግሞ ለሽምግልና ድጋፍ አያስፈልገውምና በባዶ እጃችን በክብር ሸኙን።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ምስጋናው ግን እዚህ ላይ አለቀብኝ። ስህተቱን ላስረዳ በተመለስኩ ቁጥር እርቅ ማፍረስ ነውር መሆኑን መክረው መለሱኝ። ፍርድ ቤቱም የእርስዎን ወረቀት አምኖ ጉዳያችንን ዘጋው። ባለፈው ጀልዴሳ ስሄድ ኑሀሚን እንደ እንግዳ እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝ፤ ጉንጯን አላቀረበችልኝም። ልጄን ነው የቀሙኝ፣ ክቡርነትዎ። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምጽፍበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ስለዚህ ፈጣሪ ዕድሜዎን እንዲያረዝምልዎ እለምናለሁ፤ የሚያፍሩበት ነገር ብዙ ነውና አጭር ዕድሜ አይበቃዎትም።

በእርስዎ ማኅተም የታረቅሁ፣ በራሴ በርበሬ ያለቀስኩ፣ ለክፍልዎ የስኬት ሪፖርት ማድመቂያ በመሆኔ እጅግ የኮራሁ፣

ሸዋገነት
ከቀፊራ፣ በርበሬ ተራ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው እሑድ ነህምያ ከዚራ ሰፈር ወዳለ አንድ ቤት ሽማግሌ ልኮ የቤቱን ልጅ ለትዳር አስጠይቋል አሉ። ሽማግሌዎቹን መርተው ሄደው የተናገሩት እርስዎ እንደነበሩም ሰማሁ። ለሽምግልና በነፃ እንደሚሄዱ ባውቅ ኖሮ ስለ ወጪው ባላስቸገርኩዎ። ብቻ በራስዎ ፊርማ ነህምያ ከሚስቱ ጋር ታርቆ የሚኖር ባለትዳር ነው፤ ማኅተምዎ ያረፈበትን የእርቅ ወረቀት ትናንት ለትዳር ለተጠየቀችው ልጅ አባት በእጃቸው ሰጥቻቸዋለሁ። ጠርተው ሲጠይቁዎ እንባ ካስፈለገዎ፣ በርበሬው ከእኔ ነው።