ጥሩዬ በደከመ ባትሪ

ሰኞ

ዘፈኑን ገደሉት። ከወፍጮ ቤት ስመለስ በቀበሌው አዳራሽ በኩል ሳልፍ ሙዚቃ ሰምቼ ቆምሁ። የኔ ዜማ ነው። «ጥሩዬ»። ለባለቤቴ ለጥሩወርቅ ያወጣሁት፣ በክፍለ ሀገሩ የዳንስ ባንድ ሳክስ የምነፋ ጊዜ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አሁን አሥራ አራት ወጣቶች የድሮውን ዲስኮ እናንሳ ብለው ተሰብስበዋል። ድራም አላቸው፣ ኦርጋን አላቸው፣ ጊታሩ ሦስት፣ ትራምፔቱ ብቻ አራት። ሲጫወቱት ግን ቀብር የሚሸኙ ይመስላሉ። ዱቄቴን ተሸክሜ እዚያው በንዴት ቆምሁ። አልገባሁም። ምን አገባኝ።

ጥሩወርቅ ማታ ማታ «ዛሬ ምን ዋልህ?» ትለኝ ነበር። ካረፈች ወዲህ የሚጠይቀኝ ስለጠፋ ነው ይህን ደብተር የያዝሁት። መሠረተ ትምህርት አብረን ገባን፤ እሷ ቶሎ ያዘችው፣ እኔ ግን አንድ ገጽ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ቢሆንም ማንንም አላስጽፍም።

ማክሰኞ

የባንዱ መሪ ቤቴ ድረስ መጣ። ጀማል ይባላል፣ ከደሴ የመጣ መምህር ነው። ጨዋ ልጅ። ጫማውን ደጅ ሊያወልቅ ሲል ተው አልሁት። ቅዳሜ ለቅበላ ነው የምንጫወተው፣ ሰኞ ጾም ይገባል፣ ሌላ ቀን የለንም፤ «ጥሩዬ»ን እርስዎ በሳክስ ቢያስጀምሩልን አለኝ።

«ሐዘን ላይ ነኝ» አልሁት።

ጎረቤቴ እናኑ አጥሩን ተደግፋ ስትሰማ ኖሯል። «ጋሽ አስናቀ፣ ሙት ዓመቷን ካወጡላት ሁለት ዓመት አለፈ እኮ! የምን ሐዘን ነው?»

ምላስ!

ደብተሩን ግን አልዋሸውም። የፊት ጥርሴ አራቱ የለም። አምና በሩን ዘግቼ ሞክሬያለሁ፤ የወጣው ትንፋሽና ምራቅ ነው። ይህን ለአሥራ አራት ወጣት ላሳይ? በጭራሽ።

ረቡዕ

ዛሬም በአዳራሹ አለፍሁ። ሆን ብዬ አይደለም። እሺ፣ ሆን ብዬ ነው።

አሁንም ቀብር። ገባሁና «ይህን ከማን ተማራችሁት?» አልሁ። ጀማል አንድ ካሴት አወጣ። ሉማሜ ሻይ ቤት ካለው ሰው ተውሰን ነው አለ። ሽፋኑን አየሁት። የጥሩወርቅ እጅ ጽሕፈት ነው።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ።

የሉማሜው ሰው ወንድሟ ነው። ካሴቱን ከቴፕ ወደ ቴፕ የቀዳሁለት ደግሞ እኔ ነኝ። የሚያጫውተው ቴፕ ባትሪ ደክሞ ነበር። «አዲስ ግዛ፣ ዘፈኔ ይጎተታል» አለችኝ። እኔ እምቢ ብዬ ባትሪውን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ሲሞቅ ይበቃል ብዬ። አልበቃም። ዘፈኑ እየተጎተተ ተቀዳ። ሰምታ ሳቀችብኝና ተወችው። ዋናውን ካሴት በኋላ ቴፑ በላው። እንግዲህ በዓለም ላይ የቀረው «ጥሩዬ» እኔ ያበላሸሁት ነው። ልጆቹ ምን አጠፉ? እንደሰሙት ተጫወቱ።

«ፍጠኑ» አልኋቸው። በዛ። «ቀስ በሉ» አልሁ። ተጎተተ። ድራም የምትመታው ሰላም የምትባል ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ልኩ የት ላይ ነው? እርስዎ ይንፉልንና እንከተልዎ» አለች።

ሳክሱ ቤት ነው ብዬ ወጣሁ። ፈርቼ ነው የወጣሁት።

ሐሙስ

አልሄድሁም። ሳክሱን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ወለወልሁት። መልሼ ከተትሁት።

ዝም ካልሁ ቅዳሜ ከተማው ሁሉ የጥሩወርቅን ዘፈን ተጎትቶ ይሰማል፤ ከዚያ ወዲያ ልኩ ያ ይሆናል፣ ማንም አያርመውም። ከሄድሁ ድዴን ያያሉ። ቀኑን ሙሉ ይህን ሳገላብጥ ዋልሁ።

እናኑ ወጥ ይዛልኝ መጥታ «ፊትዎ ጠቁሯል» አለች። ነገርኋት። የጥርሱን ጭምር። ግድግዳ ይዛ ሳቀች።

«ጥርስዎ እንደሌለ አገር ያውቃል እኮ! ቆሎ ሳቀርብልዎ ጠግቤአለሁ የሚሉኝ ስንት ጊዜዎ ነው?»

እኔ ደብቄ መስሎኝ!

ዓርብ

ሄድሁ። አፌን ከፍቼ አሳየኋቸው። «በዚህ ሳክስ አይነፋም» አልሁ። ማንም አልሳቀም። ሰላም ብቻ «ታዲያ እንዴት እናድርግ ጋሼ?» አለች።

ዓይኔን ጨፈንሁ። ጥሩወርቅ ስትጨፍር ቀኝ ተረከዟን ታስቀድማለች። መድረክ ላይ ሆኜ የምነፋው ያንን ተረከዝ እያየሁ ነበር። ሰው እሷ በዜማዬ የምትጨፍር ይመስለው ነበር። ለካ ዜማው ነው እሷን የሚከተለው።

ተነሣሁ። በዚህ ጉልበት እንደሷ ረገጥሁ። ቀኝ ተረከዝ፣ ግራ፣ ዞር፣ ከዚያ ትከሻ። ሰላም እግሬን እያየች የድራሙን ጠርዝ ነካ ነካ አደረገች። ባሱ ገባ። ጊታሩ ዋዋ አለ። ትራምፔቶቹ አንድ ላይ ተነሡ።

እሱ ነው። ራሱ ነው።

«እንዳያቆሙ ጋሼ!» ትላለች ሰላም። ማን ሊያቆም!

እሑድ

ትናንት ማታ ደክሞኝ አልጻፍሁም። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ጀማል ከድራሙ ፊት ወንበር አስቀምጦልኝ ነበር፣ እግሬ ለሰላም እንዲታያት። ተቀምጬ ልረግጥ ነበር የተስማማነው። «ጥሩዬ» ሲጀመር ግን አልተቀመጥሁም። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ። እናኑ ከኋላ «በርቱ ጋሽ አስናቀ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ የተቀመጠ ሰው አላየሁም።

ዛሬ ከቅዳሴ ስመለስ ሰላም በሬ ላይ ቆማለች። ዘፈኑን በሞባይሏ ቀርጻዋለች።

«ባትሪው ሙሉ ነው?» አልኋት።

ሳቀች። ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ልኩ ነው። ከድራሙ ሥር የኔ ጫማ ይሰማል፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ጀማል ከፋሲካ በኋላ ሌሎቹንም ዜማዎች ያሳዩናል ወይ ብሎ ልኳታል። የሌሎቹ ካሴት የለም። ያሉት እኔ ዘንድ ብቻ ነው። እንጃ አልኋት። ጉልበቴ እንደ ዱባ አብጧል። ለማሰብ ጾሙን ሙሉ ጊዜ አለኝ።

ምን ዋልህ ብትይኝ፣ ጥሩዬ፣ ትናንት እግርሽን ተውሼ ስጨፍር ዋልሁ።