የተዘቀዘቀው ነጠላ

ለልጄ ለማርቲ፣

የአያትሽ አምላክ በወጣሽበት ሁሉ ይከተልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የሰበታን ጭቃ ታውቂዋለሽ።

ሥራሽን አየነው። ከአያትሽ ነጠላ ጥለቱን ወስደሽ ገሚሱን ልብስ በጨርቅ ሰፍተሽዋል፤ ገሚሱ ግን ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ፣ የማይዳሰስ ነው አሉኝ። ይሁን። ያንን የማይዳሰሰውን ለብሰሽ ፎቶሽን ስትለቂው ግን ጥለቱን ወደ ላይ አድርገሽ ምን ብለሽ ዘቀዘቅሽው? ያየሽ ሁሉ ሐዘን ላይ ነች ብሎ አባትሽን ቀበረው። በማግስቱ ጠዋት የእድር ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ። የእድሩ ሰብሳቢ ኦቦ ቶለሳ ድንኳኑን በጋሪ አስጭነው መጡና በሩን የከፈተላቸው ራሱ አባትሽ ነው። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

ኮምፒውተሩ ነው የገለበጠው እንዳትዪኝ። ኮምፒውተር አያት የለውም፤ አንቺ ግን አያትሽ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነጠላሽን እያስተካከለችልሽ ነው ያደግሽው።

እመቤቴ እጅሽን ትባርከው። እባክሽ ልጄ፣ ጥለቱን ወደ ታች መልሺው። የሚዘቀዘቅበት ቀን ሳንጠራው ይመጣል።

እናትሽ ወርቅውሃ